የበረንዳ ሽንኩርት አተካከል

በዕቃ ውስጥ ሽንኩርት ለመትከል ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሮጠው ባልዲና አፈር ፍለጋ ነው። እኔ የምመክረው ግን ከዚያ በፊት አንድ ቀን በረንዳውን ማጥናት ነው። ፀሐይ በስንት ሰዓት እንደምትገባ፣ የጎረቤት ሕንፃ በስንት ሰዓት እንደሚጋርዳት ልብ ብለው ሰዓቱን ይደምሩት። ሽንኩርት ጥሩ ራስ እንዲቋጥር በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ከዚያ በጣም ካነሰ ቅጠሉ ይረዝማል፣ አንገቱ ይቀጥናል፤ ሲነቅሉት ግን ከሥሩ የሚረባ ነገር አያገኙም። ይህን ደግሞ ማዳበሪያም ውሃም አይጠግነውም።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ግድም ላይ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አታልፍም። ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ቀትር ላይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ከዚያ እስከ ነሐሴ ደግሞ ወደ ሰሜን። ሽንኩርት የሚያምርበት ወቅት በጋው ነውና ወደ ደቡብ የሚያይ በረንዳ ያለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ዕድለኛ ነው። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ በረንዳ የግማሽ ቀን ፀሐይ ያገኛል፤ ለሐበሻ ሽንኩርትና ለቅጠል ያህል ይሆናል። ወደ ሰሜን ብቻ የሚያይ በረንዳ ላይ በበጋ ቀጥተኛ ፀሐይ እምብዛም ስለማይደርስ እዚያ አይድከሙ። የቤቱን ጣሪያ ወይም የጋራውን ግቢ ጥግ ያፈላልጉ።

ክረምቱ ለሽንኩርት አይመችም። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ፀሐዩን ይወስዳል፣ ዝናቡ ቅጠሉን ቀኑን ሙሉ ያረጥበዋል፣ ከዚያ የቅጠል በሽታ ይከተላል። ለደጋና ለወይና ደጋ የሚሻለው አቆጣጠር በመስከረም ዘር ማፍላት፣ በኅዳር ችግኙን ማዛወር፣ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ መንቀል ነው። እንደ አዳማና ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ቦታ ሁሉም ነገር ይፈጥናል።

የትኛው ሽንኩርት?

ጀማሪ ከሆኑ በሐበሻ ሽንኩርት ይጀምሩ። ዘር ማፍላት አይጠይቅም፤ ራሷን መትከል ይበቃል። የፈረንጁ ሽንኩርት ከአንድ ችግኝ አንድ ራስ ብቻ ሲሰጥ፣ የሐበሻዋ አንዷ ተተክላ እንደ ዝርያዋና እንደ አያያዙ 4፣ 6፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሆና ትነቀላለች። ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ትደርሳለች፣ ጥልቅ አፈር አትፈልግም፣ ለሚቀጥለው ዙር የሚተከለውንም ከራስዎ ምርት ያስቀራሉ። ዕቃ ውስጥ ቦታ ውድ ነው፤ ለዚያች ጠባብ ቦታ ከእሷ የተሻለ የሚከፍል ሽንኩርት አላውቅም።

ትልቁን ሽንኩርት ከፈለጉ በዘር መሸጫ ሱቆች የተለመዱት ቦምቤ ቀይና አዳማ ቀይ ናቸው። ቦምቤ ቀይ ቀደም ብሎ ይደርሳል፤ አዳማ ቀይ ትንሽ ይቆያል፣ መልኩ ጠቆር ያለ ነው፣ ጣዕሙም ጠንከር ይላል። ሁለቱም ለአገራችን ቀን የሚስማሙ ናቸው። ይህች «ለቀን መስማማት» የምትባለው ነገር ደግሞ በዋዛ የምትታለፍ አይደለችም። ሽንኩርት ራስ መቋጠር የሚጀምረው ዕድሜው ስለደረሰ ብቻ አይደለም፤ የቀኑ ብርሃን ርዝመት ዝርያው የሚፈልገው ልክ ላይ ሲደርስ ነው። በእኛ አገር ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚዘሩት ብዙዎቹ ዝርያዎች ግን 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚረዝም ቀን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ዘመድ ከውጭ የላከው፣ ፓኬቱ ላይ ያማረ ሽንኩርት የተሳለበት ዘር እዚህ ቢዘራ ቅጠል ብቻ እያወጣ ይከርማል። አፈርዎንም እጅዎንም አይውቀሱ።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ሚኒሶታ ያለ አንባቢ የረጅም ቀን ዝርያ ነው መግዛት ያለበት፤ ዘሩን ክረምቱ ሳያልቅ ቤት ውስጥ አፍልቶ ብርዱ ሲሰበር ያወጣዋል። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የመካከለኛ ቀን ዝርያ ይስማማል። እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ የአጭር ቀን ዝርያ ሙቀቱ በረድ ሲል በመስከረምና በጥቅምት ዘርታችሁ ዋናው ሙቀት ሳይመለስ መንቀል ነው።

ጓዳ ውስጥ ጎንቁሎ የተገኘን ትልቅ ሽንኩርት አፈር ውስጥ ቀብሮ አዲስ ትልቅ ራስ የሚጠብቅ ብዙ ሰው አለ። ያ ሽንኩርት ያጠራቀመውን ምግብ ቅጠልና አበባ ለማውጣት ይጠቀምበታል እንጂ ዳግመኛ አይወፍርም። ቢበዛ ለሁለት ይከፈላል። መጣሉ ግን ያሳዝናል፤ ትንሽ ጣሳ ላይ ይትከሉትና ቅጠሉን ለሰላጣና ለእንቁላል ፍርፍር እየቆረጡ ይጠቀሙበት።

ዕቃውና አፈሩ

ከሁሉም የሚመቸኝ ቢጫው ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው። በሰፊው ጎኑ ያስተኙት፣ ወደ ላይ የዞረውን ገጽ ዙሪያውን አራት ጣት ያህል ጠርዝ አስቀርተው በስለት ይቁረጡት። ጠርዙ ከቀረ ጎኖቹ አፈር ሲሞላ አይለጠጡም። የተረፈውን ዘይት በፈላ ውሃና በሳሙና አጥበው በደንብ ያለቅልቁት። የቀለም፣ የጸረ ተባይ ወይም ምን እንደነበረበት የማይታወቅ ኬሚካል ጀሪካን ግን በነፃ ቢያገኙት እንኳ ለሚበላ ነገር አይጠቀሙበት። ሳፋ፣ ባልዲ፣ አፉ ወደ ውጭ የተጠቀለለ የማዳበሪያ ከረጢትም ይሆናል። ዋናው ነገር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል የአፈር ጥልቀት መኖሩ ነው። ስፋት ከጥልቀት ይበልጣል፤ ሽንኩርት ሥሩ ከላይ ከላይ ነው የሚሄደው።

ከሥር በጋለ ሚስማር ከ10 ያላነሱ ቀዳዳዎች ይብሱ፤ የእርሳስ ውፍረት ያህል ይሁኑ። ዕቃውን በሁለት ጡብ ላይ ቢያስቀምጡት ውሃው ይወርዳል፤ ከሥሩ ዝርግ ሳህን ነገር ካላደረጉ ግን የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ልብስ ላይ ነው የሚንጠባጠበው። ጠጠር ከሥር መነስነስ የተለመደ ቢሆንም አልመክረውም። ውሃ ከደቃቁ አፈር ወደ ጠጠሩ ለመውረድ ስለሚያንገራግር እርጥበቱ ከጠጠሩ በላይ ይቆማል፣ ያለችውም ጥልቀት ትባክናለች። ቀዳዳዎቹ አፈር እንዳያፈስሱ አንድ ገጽ ጋዜጣ ቢያነጥፉ ይበቃል። ደግሞ እርጥብ አፈር የሞላ ጀሪካን ከ25 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላልና ከበረንዳው መከታ ላይ አይሰቀል፤ ወለሉ ላይ፣ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ይቀመጥ።

አፈሩ ላይ አይቸኩሉ። መረሬ ብቻውን አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሊወፍር የሚሞክረውንም ራስ ያፍነዋል። 2 ባልዲ ቀይ አፈር፣ 2 ባልዲ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ወይም ያረጀ ፍግ፣ 1 ባልዲ የግንባታ አሸዋ ቀላቅለው ይሞክሩት። ከዚያ እፍኝ አንሥተው ጥቂት ውሃ ያርከፍክፉበትና ጨብጠው ይልቀቁት። በጣት ሲነኩት ከተፈረፈረ ተስማምቷል። እንደ ሊጥ ከተያያዘ አሸዋና ኮምፖስት ይጨምሩ። ፍጉ ትኩስ ከሆነ ሥር ያቃጥላል፣ ዝንብም ይጠራል፤ ሽታው ጠፍቶ የጫካ አፈር እስኪሸት ይጠብቁት። የቡና አተላ በቀጥታ እላዩ ላይ የሚደፉ ሰዎች አሉ፤ መጀመሪያ ኮምፖስት ውስጥ ገብቶ ይብሰል። ዕቃውን ሲሞሉ ከአፉ ሁለት ጣት ጎደል ያድርጉት፣ ውሃ ሲያጠጡ የሚጠራቀምበት ቦታ ይፈልጋልና።

ችግኝ ማፍላት

የሐበሻ ሽንኩርት የሚተክል ይህን ክፍል ሊዘለው ይችላል። የሽንኩርት ዘር ከአብዛኛው የአትክልት ዘር ፈጥኖ ያረጃል፤ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ የመብቀል ኃይሉ በጣም ይዳከማል። ሲገዙ ፓኬቱ ላይ ያለውን ቀን ያንብቡ። በስኒ እየሰፈሩ ከሚሸጡ ሰዎች የገዙ ከሆነ 20 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለው፣ በላስቲክ ሸፍነው ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡት። በ10 ቀን ውስጥ 15ቱ ከበቀሉ ጥሩ ዘር ነው። ከግማሽ በታች ከሆነ ሁለት ወር ሙሉ ከሱ ጋር ከመድከም ሌላ መግዛት ይሻላል።

ለመደብ ጥልቀት የሌለው ሳፋ ይበቃል። 1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መስመር በጣት ያውጡ፣ ዘሩን ሳይደራረብ አሳስተው ይዝሩ፣ በደቃቅ አፈር ያልብሱት፣ ከላዩም ጭድ ይበትኑበት። ለማጠጣት የሃይላንድ ፕላስቲክ ክዳን በመርፌ ይብሱ፤ ውሃው እንደ ካፊያ ስለሚወርድ ዘሩን አያንሳፍፈውም። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ እንደ ተጠማዘዘ ክር ጎብጦ ብቅ ይላል። ያን ቀን ጭዱን ያንሡ፤ አንድ ሳምንት ከቆየ ችግኙ ቢጫ ሆኖ ይረዝማል። ሲጨናነቅ ደካማውን ነቅለው በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ቦታ ይተዉ። መደቡ ሁልጊዜ ጭቃ ከሆነ ችግኙ ከግርጌው በስብሶ ይወድቃል፤ ከላይ ጠፈፍ ሲል ብቻ ያጠጡ።

ተከላ

ከ50 እስከ 60 ቀን አካባቢ ችግኙ አንድ ስንዝር ለመሙላት ጥቂት ሲቀረው፣ 3 ወይም 4 ቅጠል ሲያወጣ፣ ግርጌው የቀጭን እርሳስ ውፍረት ሲይዝ ይዛወራል። በጣም ያረጀና የወፈረ ችግኝ መትከል ጥሩ የሚመስል ስሕተት ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ሲያገኘው ራስ መቋጠሩን ትቶ አበባ ለማውጣት ይነሣል። ከማዛወሩ በፊት ባለው ሳምንት ውሃውን ቀነስ ማድረግ ችግኙን ያጠነክረዋል።

ቀኑ ሲደርስ አመሻሽ ላይ መደቡን አርሰው ችግኞቹን በማንኪያ ከሥር እየፈነቀሉ ያውጡ። አንዷን እጅዎ ላይ አስቀምጠው ይመልከቷት። ነጯ ግርጌ አለች፣ ከሷ በታች እንደ ጢም የተንጠለጠሉ ሥሮች አሉ፣ በላይ አረንጓዴው ይጀምራል። አፈር ውስጥ መግባት ያለባት ነጯ ክፍል ብቻ ናት፤ ይኸውም ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ በላይ ከተቀበረች አንገቷ ይወፍርና ራሷ ይረዝማል፣ ሲከማችም ቶሎ ይበሰብሳል። በእርሳስ ቀዳዳ አውጥተው ሥሩን ወደ ታች አስረዝመው ያስገቡ፣ በሁለት ጣት ዙሪያውን ጫን ጫን ያድርጉት። ቅጠሏን በቀስታ ሲስቧት እሺ ብላ ካልወጣች ተተክላለች። በአንዱና በሌላው መካከል ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። በጀሪካኑ ውስጥ 8 ወይም 10 ይገባል። ተጨማሪ መጠቅጠቅ ቢያጓጓም የሚገኘው ብዙ ቅንጣት ሽንኩርት ነው። በለጋነቱ የሚነቀል ቅጠል ከፈለጉ ግን በመካከላቸው ሌላ ችግኝ ጣልቃ ያስገቡና በወሩ ለወጥ ለሰላጣ እያወጡ ይብሉት፤ ለቀሩት ቦታ ይለቃል።

የሐበሻ ሽንኩርት ሲተክሉ ከገበያ ያመጡትን ለይተው ጠንካራውን፣ መካከለኛውን፣ በተለይ አናቱ ላይ አረንጓዴ ጫፍ የታየበትን ይምረጡ። አዲስ የተነቀለ ከሆነ ለሳምንታት ተኝቶ ስለሚቆይ አይበቅልም ብለው ተስፋ አይቁረጡ። ደረቅ ጫፉን በስለት ቆረጥ ቢያደርጉት ቶሎ ይበቅላል። አናቱ ከአፈሩ ጋር እኩል እንዲሆን አድርገው፣ በመካከሉ 15 ሳንቲ ሜትር እየተዉ ይትከሉ፤ ልጆች ስለሚያወጣ ዙሪያውን ቦታ ይፈልጋል።

ቅጠሉን ማሳደግ

እዚህ ላይ ሥራው ሁሉ ያለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ ነው ብዬ አጥብቄ እናገራለሁ። ሽንኩርት ሲከትፉ ቀለበት ቀለበት ሆኖ የሚወጣው ልባስ የቅጠሎቹ ግርጌ ነው፤ ራስ መቋጠር ሲጀምር ያ ግርጌ ምግብ እየሞላ ይወፍራል። ስለዚህ ያ ጊዜ ሲመጣ 5 ቅጠል ብቻ ያለው ሽንኩርትና 10 ቅጠል ያለው ሽንኩርት አንድ ዓይነት ራስ አይሰጡም። ኋላ ላይ ማዳበሪያ በመጨመር የሚካካስ ነገር የለም።

በየ3 ሳምንቱ አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ በ10 ሊትር ውሃ በጥብጠው ለእያንዳንዱ ጀሪካን አንድ ሊትር ያህል ይስጡት፤ በቅድሚያ አፈሩ እርጥብ ይሁን። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ካደረጉ በቂ ነው። ዩሪያ የማይፈልግ ሰው ያረጀ ፍግ በጨርቅ ቋጥሮ ባልዲ ውሃ ውስጥ ለሳምንት ቢዘፈዝፍና ውሃውን አቅጥኖ ቢያጠጣ ቅጠሉ መልሱን ይሰጣል። የአንገቱ ግርጌ ወፈር ብሎ አፈሩን ወደ ጎን ሲገፋ ሲያዩ ግን ያቁሙ። ከዚያ በኋላ የሚሰጥ ዩሪያ አንገት ያወፍራል፣ መድረሱን ያዘገያል፣ የተነቀለውንም አያስከርምም።

ያን ጊዜ ራሱ ከአፈሩ በላይ ትከሻውን ማሳየት ይጀምራል። ተጋልጦ ተጎዳ ብለው አፈር አይከምሩበት። ሽንኩርት እንደ ድንች አይደለም፤ ግማሽ ሰውነቱ ውጭ ሆኖ ነው የሚበስለው።

ውሃ አጠጣጡ ቀላል ነው፤ ብቻ መርሳት አያስፈልግም። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ ውሃው ከሥር እስኪወጣ ያጠጡ። በጥርና በየካቲት ይህ በየሁለት ቀኑ ሊሆን ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ምስርና ሩዝ የታጠበበት ውሃ ቢውል ደስ ይለዋል፤ ኦሞና ጨው የነካው ግን አይሆንም። ጠዋት ጠዋት ከግርጌው ያጠጡ። ማታ ቅጠሉ ረጥቦ ካደረ መካከሉ ወይን ጠጅ የሆነ ሞላላ ጠባሳ የሚያወጣው የቅጠል በሽታ መንገድ ያገኛል። እንዲህ ያለ ቅጠል ካዩ ቆርጠው ያስወግዱ፣ ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩት። አረም ገና በሁለት ቅጠሉ ሳለ በእጅ ይነቀል፤ የሽንኩርት ቅጠል ቀጥ ያለ ስለሆነ አፈሩን አያጠላውም፣ አረሙን ተጋፍቶም አያሸንፍም።

ዋናው ጠላት ትሪፕስ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው። ቅጠሉ ላይ ብርማ ጭረት ሲታይ ብዙ ሰው ውሃ ጥም ይመስለዋል። እንዲህ ያረጋግጡ፦ መካከለኛዎቹን ሁለት ቅጠሎች በቀስታ ከፈት አድርገው መገናኛቸው ውስጥ ይመልከቱ። ከሰሊጥ ፍሬ የሚያንሱ፣ ቀጫጭን፣ ቢጫ ነገሮች ብርሃን ሲያገኛቸው ወደ ውስጥ ሲሸሹ ካዩ እነሱ ናቸው። ሙቀትና ድርቀት ይወዳሉና የካቲት ላይ ይብሱበታል። በጠዋት ውሃ ወደዚያች መገናኛ ጠንከር አድርጎ መርጨት ብዙዎቹን ያወርዳል፤ በረንዳ ላይ ላሉ ጥቂት ተክሎች ከዚህ የተሻለ መድኃኒት መፈለግ አያስፈልግም። ካልበቃ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው ፀሐይ ሲበርድ ይርጩ፣ በማግስቱ ጠዋት በንጹሕ ውሃ ያጥቡት፤ በሳምንቱ ይድገሙት። ኬሚካል የሚበላ ነገር ላይ፣ ያውም ልጆች በሚጫወቱበት በረንዳ ላይ፣ አልመክርም።

አንዱ ተክል መካከሉ ላይ ክብ አናት ያለው ዘንግ ካወጣ አበባ ሊያወጣ ነው። ዘንጉን ቢሰብሩትም ራሱ ጥሩ አይሆንም፤ ነቅለው ያን ሳምንት ይጠቀሙበት።

መንቀልና ማስቀመጥ

ቅጠሎቹ ከአንገታቸው እየለሰለሱ በራሳቸው መውደቅ ሲጀምሩ ደርሷል። ከግማሽ በላይ ሲወድቅ ውሃ ያቁሙ፣ አንድ ሳምንት ከዚያም ትንሽ ይታገሡ፣ ከዚያ ይንቀሉ። ቅጠሉን በእግር ረግጦ መጣል የተለመደ ቢሆንም አንገቱን ያቆስላል፤ እሱ ራሱ ይውደቅ።

የተነቀለውን አፈሩን አራግፈው፣ ሳያጥቡ፣ ከነቅጠሉ ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ ለ10 ቀን ወይም ለ2 ሳምንት ይዘርጉት። አንገቱን በጣት ሲጫኑት እርጥበት ካልተሰማዎትና ልባሱ ሲነካ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። ቅጠሉን ሁለት ጣት አስቀርተው ይቁረጡ፣ በመረብ ከረጢት አድርገው ይስቀሉት። ፌስታል ውስጥ የገባ ሽንኩርት ይታፈናል፤ ከድንች ጋር የተቀመጠም ቶሎ ይጎነቁላል። አንገቱ የወፈረውንና የተሰነጠቀውን ለይተው አስቀድመው ይጠቀሙበት። ከሐበሻው ሽንኩርት የተሻሉትን፣ ጤነኞቹን ለዘር ያስቀሩ።

ስለ መጠኑ ልንገርዎ፤ ከ4 ጀሪካን ትልቅ ሽንኩርት ጥሩ ከሆነልዎ 3 ኪሎ ያህል ያነሣሉ፤ የአንድ ዶሮ ወጥ ሽንኩርት ማለት ነው። የቤት ውስጥ ወጪን የሚሸፍን አይደለም። ቅጠሉን በየሳምንቱ መቁረጡና የሐበሻ ሽንኩርቱን ለቁሌት ማግኘቱ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚሰማ ጥቅም ነው።

ጀሪካኑ ባዶ ሲሆን አፈሩን አይጣሉት፣ ወዲያው ሽንኩርት ወይም ነጭ ሽንኩርት ወይም ባሮ ሽንኩርትም አይመልሱበት፤ የአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ የአንዱ በሽታ ለሌላው ይተርፋል። ኮምፖስት ጨምረው ቆስጣ ወይም ሰላጣ ይዝሩበት፣ ከዚያ ባቄላ ወይም ፎሶሊያ። ሲነቅሉ ከግርጌው ነጭ ሻጋታና በሻጋታው ውስጥ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካገኙ ግን ያ አፈር ለብዙ ዓመት ሽንኩርት አይተከልበትም። ለአበባ ማሰሮ ያውሉት፣ ጀሪካኑንም በበረኪና ያጥቡት።